የዱር አራዊትም ሐኪም ያሻቸዋል

የእንስሳት ሐኪም ሲባል በብዙ ሰዎች ሐሳብ ወዲያው የሚመጣው የታመመ በሬ፣ ጡቷ ያበጠ ላም ወይም ለክትባት የተሰበሰበ የከብት መንጋ ነው። ይህ አያስደንቅም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከፍተኛ የከብት ሀብት ካላቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የገበሬውም ዋና ጥሪት በሬው ነው። ስለዚህ አንድ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የዱር አራዊትን ጤና ለማጥናት መነሣቱን ሲናገር ተቃውሞ ቢገጥመው የሚጠበቅ ነው። «የገበሬው በሬ ሐኪም አጥቶ እየሞተ ለቀበሮ ሐኪም ማሠልጠን ምን የሚሉት ነው?» የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም።

ጥያቄው ከችግር የመነጨ ስለሆነ በንቀት መታለፍ የለበትም። ነገር ግን አንድ ስሕተት አለበት፤ ይኸውም የበሬውንና የቀበሮውን ጤና የተለያየ አድርጎ ማየቱ ነው። በሽታ የግጦሽ መሬትንና የፓርክን ወሰን ለይቶ አያውቅም።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ታሪክ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ። አራሽ በሬ በመጥፋቱ እርሻ ጦም አደረ፤ «ክፉ ቀን» እየተባለ እስከ ዛሬ የሚነገርለት ረኃብም ተከተለ። በሽታው ግን በበረት ብቻ አልቆመም። በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎች ጎሹንና አጋዘኑን ጭምር ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ብዙዎች የበሽታው መደበቂያ የዱር አራዊት ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። እውነቱ የታወቀው በታንዛኒያ በሴሬንጌቲ አካባቢ የሚገኙት ከብቶች መከተብ ከጀመሩ በኋላ ነው። ከብቶቹ ሲከተቡ በሽታው ከዱር አራዊቱም ጠፋ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዊልደቢስት መንጋ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። ለካስ በሽታው ከበረት ወደ ዱር ይሻገር የነበረው በከብቶቹ አማካይነት ኖሯል! ደስታ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ሲበሠርም፣ ለዚህ ውጤት ከብቱን ከመከተብ ሌላ የዱር አራዊቱን ደም እየመረመሩ የተከታተሉ ሐኪሞች ድካም ነበረበት።

ሁለተኛው ምስክር የሚገኘው በባሌ ተራሮች ነው። በኢትዮጵያ ደጋዎች እንጂ በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከአምስት መቶ ያነሰ ነው። ከእነዚህ የሚበዙት የሚኖሩት በባሌ ነው። ቀበሮው ፍልፈልና አይጥ እያደነ በሚውልበት በዚያው መስክ እረኞች ከብት ያሰማራሉ፤ መንጋቸውን ከጅብ የሚጠብቁላቸው ውሾችም አብረው ይውላሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀበሮው የሚሻገረው በእነዚህ ውሾች ነው። በ1984 ዓ.ም. ገደማ የተነሣው ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮዎችን ገደለ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በወብ ሸለቆ ከነበሩት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አለቁ። በዚያን ጊዜ ባለሙያዎች በሽታው ሊያልፍባቸው በሚችልባቸው መተላለፊያዎች ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ በመከተብ ወረርሽኙን ገቱት። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በሥጋ ውስጥ የተሸሸገ ክትባት በሌሊት በእግርና በፈረስ እየዞሩ ማደል ተጀመረ።

«ዱርን ለተፈጥሮ መተው ይሻላል» የሚሉ ሌሎች ተቃዋሚዎችም አሉ። አነጋገሩ ጥበብ ይመስላል። ነገር ግን ቀበሮውን የሚገድለው በሽታ የመጣው በሰው ውሻ ከሆነ ችግሩን ያመጣው ሰው እጁን አጣጥፎ ሊመለከት አይገባውም። በዚያ ላይ ውሻን መከተብ የሚጠቅመው ለቀበሮው ብቻ አይደለም። ያበደ ውሻ እረኛውን ልጅ ይነክሳል፤ ላሟንም ይነክሳል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ይህ በሽታ ለሰውም ለእንስሳም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለአንዱ ውሻ የተሰጠው ክትባት ልጁንም፣ ላሟንም፣ ቀበሮውንም ይጠብቃል። «የገበሬው በሬስ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ተማሪ የአንበሳ ደቦል አቅፎ ፎቶግራፍ የሚነሣ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል። አንድን አውሬ ሳይጎዱ ማደንዘዝን፣ የሞተውን ከፍቶ የሞቱን ምክንያት መመርመርን፣ ክትባት መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ ቅዝቃዜው ሳይጓደል ማድረስን መማር አለበት። የከብት ሐኪም የአንዲትን ላም ሕይወት ያድናል፤ የዱር አራዊት ሐኪም ግን የሚጨነቀው ለአንድ ቀበሮ ብቻ ሳይሆን ለዘሩ ነው። ከሁሉም በላይ የሚፈተነው ከሰው ጋር ባለው ግንኙነት ነው። የባሌን እረኛ በቋንቋው አነጋግሮና አክብሮ ውሻውን እንዲያስከትብ ማሳመን ያልቻለ ሐኪም፣ በመርፌ አወጋጉ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ቀበሮውን አያድንም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ደስታ አንድ ጊዜ አገርን አስርቦ አልፏል። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ከበረቱ ባሻገር ያለውን ዱር ቀድመው እንዲያጠኑ ማድረግ እንግዲህ ቅንጦት ሳይሆን የሰውንም የከብትንም ጤና መጠበቅ ነው። የበሬው ሐኪም በብዛት ያስፈልጋል፤ የቀበሮውም ሐኪም በጥቂቱ እንኳ ሊታጣ አይገባም። የሞተ በሬ በሌላ በሬ ይተካል፤ ቀይ ቀበሮ ዘሩ አንዴ ከጠፋ ግን ከየትም አገር ተገዝቶ አይመጣም።