የማስታገሻው ቁጣ

የዚህ እትም ዋና ርዕስ ለብዙ ወላጆች እርስ በርሱ የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ የቆዳ ቁጣን ለማብረድ የሚታዘዘው የኮርቲኮስቴሮይድ ቅባት ራሱ አለርጂ ያስነሳል ይላልና። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። በንክኪ የሚመጣ የቆዳ ብግነትን የሚያጠናው የአሜሪካ ማኅበር ኮርቲኮስቴሮይድን በ2005 እ.ኤ.አ. የዓመቱ አለርጂ ቀስቃሽ ብሎ ሰይሞታል። ለመለየት የሚያስቸግረው መድኃኒቱ ብግነትን ስለሚያፍን ነው፤ ራሱ ያመጣውን ሽፍታ በከፊል ራሱ ይደብቀዋል። ኤግዚማ ያለበት ሕፃን ቆዳው አልሽር ሲል ታዲያ በሽታው ጠንቶ ነው ተብሎ ያው ቅባት ይደረብበታል። ጀርባ ላይ በሚለጠፈው የአለርጂ ምርመራም ምላሹ ስለሚዘገይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ታይቶ የተዘጋ ውጤት ሊያሳስት ይችላል፤ በሰባተኛው ቀን ገደማ ድጋሚ የሚታየው ለዚህ ነው።

ይህን መጻፍ ወላጆችን ከመድኃኒቱ ያሸሻል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። አለርጂው አዘውትሮ የሚያጋጥም አይደለም፤ በፍርሃት የተቋረጠ ሕክምና ግን ልጁን እያሳከከ እንቅልፍ ይነሳዋል። ሆኖም ዝምታ ፍርሃትን አያስወግድም። መፍትሔም አለ፤ ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው ስቴሮይድ ያስቆጣው ቆዳ ከሌላ ምድብ የሆነ ስቴሮይድ ሊስማማው ይችላል። አንዳንዴም (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) ጥፋተኛው ስቴሮይዱ ሳይሆን ቅባቱ ውስጥ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም ላኖሊን ነው። ይህን ያወቀ ወላጅ ቅባቱ እንዲቀየርለት ይጠይቃል እንጂ ሕክምናውን አይተውም። የልጃችሁ ቆዳ በተቀባ ቁጥር ከባሰበት፣ ቅባቱን ከነማሸጊያው ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም አማክሩ።