ጆሮ ጌጅ አይደለም

የመስቀል ሰሞን ቡታጅራ ውስጥ ከአንድ መካኒክ አፍ የሰማሁት ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የአክስቴ ልጅ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ ይዟት የመጣው መርሴዲስ ከኋላዋ «ኮምፕሬሰር» የሚል የተጻፈባት፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚገፋ መሣሪያ ያላት ናት። መንገድ ላይ ዳገት አልስብ አለች። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን አንዴ አስጓራና «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፤ ይቀየር» አለ። ግፊቱን ለክተኸው ነው ወይ ብንለው፣ «አለቃ፣ ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ጌጄ ጆሮዬ ነው» ሲል መለሰልን።

ጆሮ ጌጅ አይደለም። ሃያ ዓመት ያለ መለኪያ መሥራትም ሃያ ዓመት መገመት ነው።

ኮምፕሬሰሩ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ በየዙሩም የተወሰነ መጠን ያለው አየር ያሻግራል። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ያ ሁሉ አየር ስለማያስፈልግ ባይፓስ ቫልቭ የሚባል በር ተከፍቶ ወደ ኮምፕሬሰሩ መግቢያ ይመልሰዋል። ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ በሩ ይዘጋል፤ አየሩም ወደ ሞተሩ ይገባል። በሩ ክፍት እንደሆነ ከተጣበቀ ግን ኮምፕሬሰሩ ያንኑ አየር ሲያመላልስ ይውላል። መሣሪያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ መኪናው አይስብም። ቺንጋው ቢያንሸራትት፣ ፊልትሮው በአቧራ ቢደፈን፣ ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ቢሰነጠቅም ሾፌሩ የሚሰማው ያው የጉልበት ማነስ ነው። እነዚህ ሁሉ ከኮምፕሬሰሩ በፊት መታየት አለባቸው፤ ሁሉም በዋጋ ከእሱ እጅግ ያነሱ ናቸው። ታዲያ ፍርዱ ስለምን በጣም ውድ ከሆነው ዕቃ ይጀምራል?

በማግስቱ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወሰድናት። ባለሙያው ከማኒፎልዱ ጋር በቀጭን ቱቦ የሚያያዝ ተራ የግፊት ጌጅ ገጠመ። ነዳጅ ተረግጦ እንኳ መርፌዋ ከዜሮ ብዙም አላለፈችም። ቺንጋውን አየ፣ ቱቦዎቹን በሳሙና አረፋ ፈተሸ፣ በመጨረሻ ወደ ባይፓሱ ሄደ። በሩ በዘይት ጥቀርሻ ተጣብቆ ክፍት ቀርቷል። አጸዳው፤ መኪናዋ ሳበች። ቀዳሚው መካኒክ «ሞቷል» ያለው ኮምፕሬሰር ያው እስከ ዛሬ ይሠራል።

«ከፍታው ነው ጉልበት የነሳት» የሚሉም አጋጥመውኛል። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፤ ወደ እሷ ሲወረድ አየሩ ስለሚወፍር መኪና በጥቂቱም ቢሆን ብርታት ማግኘት እንጂ መድከም የለበትም። ከፍታ የሚያሳስተው ጌጅ ይዞ ማንበብ የማያውቀውን ነው። የገባለትን አየር ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ የሚያደርግ ኮምፕሬሰር እንውሰድ። ባሕር ጠረፍ ላይ አንዱን ባር 1.5 ያደርሰዋል፤ ጌጁ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሚለካ 0.5 ያሳያል። 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ግን የአየሩ ግፊት 0.8 ባር አካባቢ ስለሆነ 1.2 ላይ ይቆማል፤ ጌጁ 0.4 ያሳያል። አንድም ብልሽት ሳይኖር የጌጁ ንባብ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል ማለት ነው። ይህን ሳያሰላ የፋብሪካውን ቁጥር ብቻ አይቶ «ደክሟል» የሚል ሰውም ያለ ጌጅ ከሚፈርደው አይሻልም።

ወልቂጤም ያው ነው። ከጊቤ ሸለቆ ዳገቱን ወጥቶ የደከመ የናፍጣ መኪና ጋራዥ ሲገባ «ቱርቦው ሄዷል» ይባላል። የተቀደደ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ አየር ሲያስወጣ የሚያይ የለም። ባለመኪናው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ አሮጌ ቱርቦ ይገዛል፤ የተገዛውም አልተለካም። ያልተለካ ዕቃ በሌላ ያልተለካ ዕቃ ተተካ። ቱቦው አሁንም እንደተቀደደ ስለሆነ መኪናው ዛሬም አይስብም። ገንዘቡ ግን ሄዷል።

መለኪያ ውድ ነው የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። ተራ የግፊት ጌጅ ከአንድ ቱርቦ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ የሳሙና ውኃ ደግሞ ከየትም ቤት አይጠፋም። ነዳጅ ሲረገጥ የባይፓስ ቫልቩ ክንድ መንቀሳቀሱን ለማየት የሚያስፈልገው ሁለት ዓይንና አንድ ረዳት ነው። የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን ለሰው ገንዘብ ማዘን ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያበግነኝ ይህ የሚሆነው በማን አገር እንደሆነ ሳስብ ነው። የማረቆን በርበሬ ሚዛን ሳያይ የማይገዛ፣ የዕቁቡን ብር ቆጥሮ ሰጥቶ ቆጥሮ የሚቀበል ሕዝብ ነው። ያው ሰው ጋራዥ ሲደርስ በአንድ የጆሮ ፍርድ የዓመት ቁጠባውን ያስረክባል። ተቆጥሮ የመጣ ገንዘብ ሳይለካ መውጣት የለበትም።

ስለዚህ ወገኔ፣ «ይቀየር» ሲሉህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ግፊቱ ስንት ሆነ? እዚህ ከፍታ ላይ ስንት መሆን ነበረበት? ባይፓሱ ሲዘጋ በዓይንህ አይተሃል? ሦስቱንም የማይመልስልህ መካኒክ መኪናህን አልመረመረም። ቁልፍህን ተቀበልና ሂድ።