ስክሪኑ ተገዛ፤ ከዚያስ?

የአዲስ አበባው የሳይንስ ሙዚየም በ2015 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጎብኚ በጣቱ የሚያዝዘው የዲጂታል ትርኢት ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ነጋዴውም ገበያ ሸትቶታል። ግን የሚሸጠው ምንድን ነው? ብዙው «ስክሪን» ይላል፤ እኔ አይመስለኝም።

በአሜሪካ የክሊቭላንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2013 «ጋለሪ ዋን» ብሎ በከፈተው አዳራሽ 12 ሜትር የሚረዝም የንክኪ ግድግዳ አቆመ። ከ4,000 የሚበልጡ የሙዚየሙ ሥራዎች ይታዩበታል፤ ጎብኚው የወደደውን እየነካ የራሱን ጉብኝት ያሰናዳል። ተወደደ። ሆኖም በ2017 አዳራሹ እንደገና ተሠራ። አራት ዓመት! ሚኒባስ ታክሲያችን ገና «አዲስ» በሚባልበት ዕድሜ ማለት ነው።

የሙዚየም ጨረታ የዕቃ ግዢ ብቻ ከሆነ ውሉ በርክክብ ያልቃል። በዶላር የሚመጣው መለዋወጫና ይዘቱን የሚያድሰው ባለሙያ ሒሳብ የሚጠይቁት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ውሉ ቢያንስ የአራት ዓመት አገልግሎት ይሁን፤ ክፍያውም ስክሪኑ በሠራባቸው ቀናት ልክ ይታሰብ።

ይህን ለአንድ አስመጪ ወዳጄ ብነግረው «እንዲያማ ከሆነ ዋጋዬን እጥፍ አደርገዋለሁ» አለኝ። ያድርገው። ትክክለኛው ዋጋ ያ ከሆነ ፖስታው ሲከፈት ይታወቅ።