ጢስ የሌለው ቤት

የሰቆጣ ስም ለብዙ ኢትዮጵያዊ የሚደርሰው ከረሀብ ጋር ተያይዞ ነው። የ1977ቱ ድርቅ ሲነሣ ሰቆጣ ያለችበት ዋግ አብሮ ይነሣል። በሐምሌ 2007 ደግሞ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ቃል ኪዳኑ ሊደገፍ ይገባዋል። ሆኖም አንዲት ከተማ በችግሯ ብቻ ስትጠራ ሌላው ታሪኳ ከሰው አፍ ይጠፋል። ሰቆጣ የአሞሌ ጨው የጫነ ቅፍለት የሚራገፍባት ገበያ ነበረች። የዋግ ሹሞች መናገሻም ነበረች።

ዋግ ሹሞች የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። ከእነርሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ነግሠዋል፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተዘረፉትን የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ለማደስም ደክመዋል። ዋግ ሹም ጓንጉል ጦራቸውን ይዘው ዐድዋ ዘምተዋል። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በፋሽስት ወረራ ጊዜ የዋግን አርበኛ አስነሥተው ሲዋጉ በ1930 መጀመሪያ ተሠውተዋል። ይህ ሁሉ ታሪክ ቤት ነበረው። ምክር የተመከረበት እልፍኝ፣ ግብር የተበላበት አዳራሽ፣ ፈረስ የታሰረበት ግቢ ነበረው።

የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ጠባቂ አላቸው። ከሰቆጣ ከተማ ብዙም የማይርቀውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከአለት ፈልፍለው የሠሩት እጆች ካለፉ ዘመናት ተቆጥረዋል። ግን ቄሰ ገበዙ ቁልፉን ይይዛል፣ ካህኑ ይቀድሳል፣ ምእመኑ ይሳለማል። በውስጡ በሣጥን ያረፉት፣ የዋግ ሹሞች ናቸው የሚባሉት አስከሬኖችም እስከ ዛሬ የቆዩት በዚሁ ጥበቃ ነው። መኖሪያ ቤቱ ግን ማን አለው? የነጋዴውና የገበሬው የድንጋይ ቤት የሚጠበቀው በባለቤቱ አቅም ልክ ብቻ ነው።

የዋግና የላስታ የድንጋይ ቤት አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ዕውቀቱ ግን ቀላል አይደለም። ድንጋዩ በጭቃ ይያያዛል፤ ጣሪያውን የወይራና የጽድ እንጨት ይሸከመዋል። እንዲህ ያለ ቤት የሚኖረው ሰው ሲኖርበት ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ወራጁንና ማገሩን ያጠቁረዋል፣ ነፍሳትም እንዳይበሉት ይጠብቀዋል። ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ይታያል፣ የተሸረሸረው ጭቃ ይመረጋል። ሰው ከወጣ በኋላ ግን ጢሱ ይቆማል፣ ምስጡ ይገባል። አንዲት ቀዳዳ ዝናብ ታሳልፋለች፤ ውኃው በግድግዳው መሐል ወርዶ ጭቃውን ያጥበዋል፣ ግድግዳው ሆዱን ይነፋል። ከዚያ በኋላ መፍረሱ ጊዜ አይፈጅም። «እንጠግን» ብሎ የሚመጣው ሲሚንቶም ብዙ ጊዜ ጉዳት ያመጣል። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት እርጥበቱን አፍኖ ከውስጥ ያበሰብሰዋል።

ቆርቆሮና ብሎኬት በመረጠው ቤተሰብ መፍረድ አይገባም። ቆርቆሮ በየዓመቱ እጅ አይጠይቅም፤ የጣሪያ እንጨትም ተወዷል። ነቀፌታው የሚገባው ቅርስን ሁሉ በቤተ እምነት ብቻ ለሚያይ፣ የመኖሪያ ቤትን ከቁጥር ለሚያወጣ አስተሳሰብ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ቃሉም አብሮ ይሄዳል። ለምሰሶው፣ ለመደቡ፣ ለጎታው ማስቀመጫ የዋግ ቋንቋ ኽምጣኛ የየራሱ ስም አለው። ልጆች በትምህርት ቤት ኽምጣኛ መማራቸው ትልቅ እርምጃ ነው፤ ቃሉ የሚያመለክተው ዕቃና ቤት ከዓይናቸው ከጠፋ ግን ትምህርቱ የወረቀት ይሆናል።

ላሊበላ ቅርብ ነውና ከእርሱ መማር ይቻላል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች እንዲነሡ ሲደረግ ባለ አንድ ፎቅ ክብ የድንጋይ ጎጆዎቻቸው በቅርስነት እንዲቆዩ ተወሰነ። ጎጆዎቹ ቆዩ፤ ምድጃቸው ግን ጠፋ። ባዶ ቤት ለመንግሥት የማያልቅ የጥገና ወጪ ነው። ሰቆጣ ይህን መንገድ መከተል የለባትም። ነዋሪው በቤቱ ይቆይ፤ ድጋፉ ወደ እርሱ ይምጣ።

ሕጉ ለዚህ በር ከፍቷል። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል፤ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን በመሸፈን ሊያግዝ እንደሚችልም ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርስ ብሔራዊና ክልላዊ ተብሎ የሚመደብበትን ሥርዓት ዘርግቷል። የዋግ ቤቶች ተቆጥረው፣ ተለክተውና ፎቶ ተነሥተው በክልል ደረጃ እንዳይመዘገቡ የሚከለክል አንቀጽ የለም። የጎደለው የሚቆጥር ባለሙያና የተመደበ በጀት ነው።

ቤት ደግሞ ብቻውን አይቆምም። እንጨቱ ከጫካ፣ ድንጋዩ ከተራራ ይመጣል። በተራቆቱት የዋግ ተራሮች ላይ ወይራና ጽድ ጥቅጥቅ ብሎ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነው። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ የሚወጣ መንገደኛ የድሮው ደጋ ምን ይመስል እንደነበር የሚያየው በዙሪያው በተረፈው የጽድ ደን ነው። አጸዱን ከሕንፃው ለይቶ መመዝገብ ስሕተት ነው። ጠባቂ ሕዝብ ያለው መሬት እንደሚቆይ መንዝ ምሳሌ ነው፤ በዚያ የጓሳ ሣር ለ400 ዓመታት ያህል የኖረው በቄሮ ሥርዓት ነው። ሕዝቡ መሬቱን ለዓመታት ይዘጋል፣ በችግር ጊዜ በሥርዓት ይከፍታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በራሱ ደንብ መልሶ አቁሞታል። የኮንሶ እርከን በ2003፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የተከበረው ከነባለቤቱ የሚኖር መሬት ነው።

«ሰው እየተራበ፣ ተፈናቃይ በመጠለያ እያለ ስለ አሮጌ ቤት ማውራት ምን ይባላል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከልብ መልስ ይገባዋል፤ ከ2013 ወዲህ ጦርነቱ በዋግ ያደረሰው ጉዳት ገና አልሻረምና። ግን መልሱ እዚያው ተራራ ላይ አለ። ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ የታቀፈው ገበሬ በየበጋው የድንጋይ እርከን ይሠራል። ድንጋይ መርጦ፣ አጋጥሞ፣ ያለ ሲሚንቶ የሚያቆም እጅ በዋግ ሞልቷል። ከዚያ የሥራ ቀን ጥቂቱ ለአሮጌ ቤቶች ግድግዳና ጣሪያ፣ ለአጸድ ካብና ለችግኝ ቢመደብ እህሉም ገንዘቡም ከዚያው ከሚቸገረው ሰው እጅ ይገባል። ግንብ የሚያውቁት አዛውንት አናጢዎችና ግንበኞች ደግሞ እያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት ወጣት ይዘው ቢያሠለጥኑ ዕውቀቱ ከእነርሱ ጋር አይቀበርም። ሥራው ከመጪው ሰኔ በፊት፣ ጣሪያቸው ቀጣዩን ክረምት የማያሻግራቸውን ቤቶች በመቁጠር ሊጀመር ይችላል።