ሹም በአፉ ሲወድቅ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ጌጫ የሄድን የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በማሻና በቴፒ መካከል ባለችው በዚያች ከተማ የቡናው ጨዋታ ሁሉ በአንድ ነገር ተይዞ አገኘነው። ስሙን የማንጠራው አንድ ሹም ስለ ልጆች ትምህርት በተጠራ ስብሰባ ላይ፣ የማንጆ ልጆች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ወንበር ስለ መቀመጣቸው ሲነሣ፣ እዚህ ልንደግመው የማንወደው ቃል ተናገረ። ወሬው ወደ በላይ አለቆች ደረሰና ሰውየው ከቦታው ተነሣ። ከተማው ያዘነው ግን ለማን ነበር? ለሹሙ ነበር። «ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ ሰው ለአንዲት ቃል እንዴት ይጣላል?» ይባል ነበር። እርሱም በየሄደበት «በቀልድ ያልሁትን ለክፉ ተረጐሙብኝ፤ ተበደልሁ» እያለ አቤት ይል ነበር። በስብሰባው መጨረሻ ወንበር ተቀምጦ አንገቱን የደፋውን አባት ግን «አንተስ ምን ተሰማህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እኛም አልጠየቅነውም። ይህን ስንጽፍ የምናፍረው በዚህ ነው።

ከሌላ አገር ለመጡ ጓደኞቻችን ነገሩን ጥቂት መግለጽ ይገባናል። በከፋና በሸካ ምድር ማንጆ የሚባለው ወገን ከጥንት ጀምሮ በአደን፣ ኋላም ማገዶና ከሰል በመሸጥ የኖረ ነው። ቋንቋው የጎረቤቱ ቋንቋ፣ አገሩም የጎረቤቱ አገር ሆኖ ሳለ፣ ከቤት እንዳይገባ፣ ከገበታ እንዳይቀርብ፣ በጋብቻም እንዳይዛመድ በልማድ ተከልክሎ ቆይቷል። የ1966 ዓ.ም. አብዮትና ተከትሎት የመጣው የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ብዙ ነገር ለወጡ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው አለ። ልማዱ ግን ገና አልሞተም። እንግዲህ የሹሙ ቃል «አንዲት ቃል» አልነበረችም። አያት ለልጅ፣ ልጅም ለልጅ ልጅ ሲያወርሰው የኖረ ቃል ነበር፤ ይህን ጊዜ ልዩ ያደረገው በመንግሥት ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሰው አፍ መውጣቱ ነው።

ነገሩ የአንድ ከተማ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ የርእሰ አንቀጹን ቦታ ባልሰጠነው ነበር። ነገር ግን በአገራችንም ሆነ በውጭው ዓለም በአፋቸው ምክንያት ከሥራ የሚነሡ ታላላቅ ሰዎች በዝተዋል፤ ሁሉም «ተበደልን» ይላሉ። ከእነርሱ መካከል በእውነት የተበደለ አለ፤ የሠራውን የሚያገኝ አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የተማረ ሰው ግዴታ ነው። አለዚያ የድኻውን ስድብ «የመናገር ነጻነት» ብለን ስንከላከል፣ እውነተኛውን የመናገር ነጻነት ደግሞ ሲረገጥ ዝም ብለን እንኖራለን።

በመጀመሪያ ሹመትና እንጀራ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን እናስብ። ሹመት አደራ ነው እንጂ ርስት አይደለም። በሕዝብ ስም የሚናገር ሰው ከዚያው ሕዝብ አንዱን ክፍል በአደባባይ ካዋረደ፣ አደራውን አጉድሏልና አደራው ቢወሰድበት አልተበደለም። ወንበሩን አጣ እንጂ ነጻነቱን አላጣም፤ ቤቱ ገብቶ፣ እርሻውን አርሶ፣ ሐሳቡንም ተናግሮ መኖር ይችላል። መምህር ወይም ጸሐፊ ግን በችሎታው የገባበት ሥራ እንጀራው ነው፤ እርሱን ለማስነሣት የተጻፈ ክስ፣ የሚሰማ ጉባኤና የይግባኝ በር ያስፈልጋል። በማንኛውም ሰው ላይ ደግሞ፣ ሹም ይሁን ተራ፣ ከስንብት አልፎ እስራት ሲመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቃሉ ወዴት ተወረወረ የሚለው ነው፤ ወደ ታች ነውን ወይስ ወደ ላይ? አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ንጉሡ ከሄደ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ ተረቱ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ይሠራል። ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

በ2006 ዓ.ም. የብአዴን ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበሩት አቶ አለምነው መኮንን በስብሰባ ላይ የተናገሩት ቃል ተቀርጾ ወጣ። ንግግሩ የገዛ ክልላቸውን ሕዝብ የሚያዋርድ፣ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ድኻ ሳይቀር የሚነካ ነበር። አንድነትና መኢአድ የተባሉት ፓርቲዎች በጠሩት መሠረት፣ በየካቲት ወር የባሕር ዳር ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶ «ተሰደብን» ሲል ጮኸ። ባለሥልጣኑ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በድርጅታቸው ሥልጣን ላይ ቆዩ። ቃሉ ወደ ታች ስለ ተወረወረ ከላይ ያለው አልቆሰለም።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሰላም ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት አቶ ታዬ ደንደአ የራሳቸውን መንግሥትና ጠቅላይ ሚኒስትሩን በፌስቡክ ነቀፉ። ታኅሣሥ 1 ቀን የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤውን ራሳቸው ለሕዝብ አውጥተው፣ ስለ ሰላም በመናገሬ ተነሣሁ ሲሉ ብርቱ ቃል ጨምረው ጻፉ። በማግሥቱ ታሰሩ። መንግሥት የታሰሩት ከጸረ ሰላም ኃይሎች ጋር በመተባበር ተጠርጥረው ነው አለ። የአቶ ታዬ ቃል ለስላሳ ነበር አንልም፤ እርሳቸውም ለብዙ ጊዜ የዚያው ቤት ሰው ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ከእርሱ ጋር የማይስማማውን ሹም ቢያነሣ ሥልጣኑ ነው፤ በዚህ ብቻ በደል አለ ለማለት ያስቸግራል። ነገር ግን ሁለቱን ታሪኮች አስተያዩ። ሕዝብ የሰደበው ከወንበሩ አልተነሣም፤ አለቃውን የነቀፈው ሁለት ሌሊት በወንበሩ አላደረም። በዚህ ሚዛን ላይ የሕዝብ ክብር ምን ያህል እንደሚመዝን አንባቢ ይፍረድ።

የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሁሉ ሊያስታውሱት የሚገባ ሦስተኛ ታሪክ አለ። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤርትራን ሪፈረንደም በመቃወም በወጡት ሰልፍ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። በሚያዝያ ወር 42 መምህራን በደብዳቤ ተሰናበቱ። ከእነርሱ አንዱ የሕክምና ፋኩልቲውን ከመሠረቱት መካከል የነበሩት ታላቁ የቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ማንን ሰድበው ነበር? ድኻን አልሰደቡም፤ የተዋረደውን ጎሣ አላዋረዱም። የተነሡት በሐሳባቸው ነው ተብሎ በሰፊው ታመነ፤ እኛም እንዲሁ እናምናለን። ፕሮፌሰር አሥራት ከዚያ በኋላ ታስረው፣ ታመው፣ በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር አረፉ። «ተበደልን» የሚለው ቃል በእነዚህ አፍ ሲነገር ክብደት አለው። የጌጫው ሹም ያንኑ ቃል ሲበደረው ግን ቃሉን ራሱን ያረክሰዋል።

በውጭ አገርም ይህንኑ የሚመስል አቤቱታ ሰምተናል። የዘር ውርስ የሚተላለፍበትን የዲ.ኤን.ኤ. ቅርጽ ካገኙት ሊቃውንት አንዱ የሆኑትና እ.ኤ.አ. በ1962 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት አሜሪካዊው ጄምስ ዋትሰን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንድ የለንደን ጋዜጣ ሲናገሩ የአፍሪካ ሰዎች አእምሮ ከነጮች ያነሰ ነው የሚል ሐሳብ ገለጹ። ይህ ስድብ ለእኛ ነበር። የሚመሩት የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ ከአስተዳደር ሥራቸው አገዳቸው፤ እርሳቸውም ይቅርታ ጠይቀው ጡረታ ወጡ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሰው ሁሉ ራቀኝ፣ የሚጋብዘኝ ጠፋ ሲሉ አዘኑና እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሜዳሊያቸውን ለጨረታ አወጡ፤ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። የገዛውም ሰው መልሶ ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታየ ፊልም ላይ ሐሳባቸውን እንዳልለወጡ ስለ ተናገሩ፣ ላቦራቶሪው የክብር ማዕረጎቻቸውን ሁሉ ነጠቀ። ስለ ሳይንስ ሥራቸው ክብር እንሰጣለን፤ ያገኙትን እውነት ማንም አልነጠቃቸውም። የተነጠቁት የክብር ወንበር ነው። በጌጫ አንገቱን የደፋው አባት ግን ሲሰደብ የሚሸጠው ሜዳሊያ የለውም፤ የሚሸጠው አንድ ሸክም ማገዶ ነው፤ እርሱንም ለሰደቡት ሰዎች ቤት ነው ተሸክሞ የሚሄደው።

«ለአንዲት ቃል» የሚሉን ሰዎች የሚረሱት ይህን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የማንጆው ልጅ ከዚያ ስብሰባ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ አብረውት የሚቀመጡት ልጆች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ከሹምም ሰምተዋል። ወንበሩን ለቅቆ ወደ ኋላ ቢሄድ፣ ቀጥሎም ትምህርቱን ቢተው፣ ያ አንዲት ቃል የአንድ ሰው ዕድሜ ወሰደች ማለት ነው። ሹሙ ያጣው ወንበር ነው፤ ልጁም የሚያጣው ወንበር ነው፤ ነገር ግን ሹሙ ሌላ ወንበር ያገኛል። እንደ ሰማነውም ብዙ ሳይቆይ በሌላ መሥሪያ ቤት ተቀምጧል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በዚህ ግቢ ስለ አንድ ሹም መነሣት ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የየት አገር ሰው ነው?» ብለን ነው። የእኛ ወገን ከሆነ ተበደለ፤ የሌላው ወገን ከሆነ ደግ አደረጉት። ተማሪ በሆነው በእኛ መካከል ይህ ካለ፣ ከቡና ነጋዴውና ከገበሬው ምን እንጠብቃለን? በመኝታ ቤታችንስ በቤንቹ፣ በመኤኒቱ፣ በሸኮው፣ በመዠንግሩ አነጋገር የሚሾፍ የለምን? የቀድሞ ገዢዎች ለዚህ አገር ሕዝቦች የለጠፏቸውን የንቀት ስሞች በቀልድ የሚጠራ የለምን? አለ። የሚስቅለትም አለ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ሹሙን በኮነንንበት ቃል ራሳችንም እንኮነናለን።

ሕግ የለንም አይባልም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ጥላቻን የሚያነሣሣን ሰው እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ የትምህርት ጥናትንና የፖለቲካ ትችትን ግን ከጥላቻ ንግግር አይቆጥርም። የምንፈራው ሕጉ ወደ ታች የተወረወረውን ቃል አልፎ፣ ወደ ላይ የተነገረውን ብቻ እንዳይዝ ነው። ደግሞም ሰውን ለመጥፎ ቃል ሁሉ ወደ ወኅኒ መላክን አንሻም። ለሹም የሚበቃው ቅጣት ሹመቱን መተው፣ በሰደበው ሰው ፊት ቆሞም ይቅርታ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲያችን አስተዳደርና ለመምህራን ጉባኤ የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። አንደኛ፣ ተማሪን ወይም ሠራተኛን በወገኑ፣ በአነጋገሩ፣ በጾታው ወይም በድኽነቱ የሚያዋርድ ቃል ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ የአስተዳደሩን ሥራ መንቀፍ ከዚህ ደንብ ፈጽሞ ውጭ መሆኑ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የተከሰሰው ሰው፣ መምህርም ይሁን ተማሪ፣ ክሱን በጽሑፍ አግኝቶ በጉባኤ ፊት ይሰማ፤ የማንም ስም በሹክሹክታ አይጥፋ። አራተኛ፣ የተሰደበውም ወገን በዚያው ጉባኤ ቀርቦ የደረሰበትን ራሱ ይናገር። እስካሁን በሰማነው ሁሉ ጎድሎ ያገኘነው ይህ አራተኛው ነው። ሰዳቢው ይናገራል፤ አለቃው ይናገራል፤ ወሬኛው ይናገራል፤ ተሰዳቢው ብቻ ዝም ይላል።

ይህን የምንጠይቅ ተማሪዎችም የራሳችንን ድርሻ እንውሰድ። ከእኛ ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መምህር፣ ሐኪም፣ የእርሻ ባለሙያ፣ ሹምም ሆነን በማሻና በጌጫ፣ በሚዛንና በቴፒ፣ በቦንጋና በማጂ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። በፊታችን የሚቆመው ባለጉዳይ በእግሩ ሲጓዝ ውሎ የመጣ፣ የሚጮኽለት ፓርቲና የሚጽፍለት ጋዜጣ የሌለው ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ የሚወጣን ቃል ዛሬ በመኝታ ቤታችን ከምንስቅበት ቃል የተለየ አይሆንም።

ለዕረፍት ወደ ጌጫ ስንመለስ ያንን አባት ፈልገን ባለፈው ያልጠየቅነውን እንጠይቀዋለን። ሊመልስልን ባይፈቅድም መብቱ ነው።