ኔትወርክ ሲጠፋ ወሬ ማን ያድርስ?

ንባብ፦ 2ኛ ሳሙኤል 18፥19–33፤ ፊልጵስዩስ 2፥25–30



ኢንተርኔት በክልላችን ተዘግቶ በቆየባቸው ወራት በአንዳንድ አጥቢያዎች አንድ ዓይነት ስብከት ይሰማ ነበር። እግዚአብሔር ከፌስቡክና ከቲክቶክ ሊያሳርፈን ነው፤ በግድም ቢሆን ጾም አስገባን፤ አሁን የጸሎት ጊዜ አገኘን የሚል። ምእመኑም «አሜን» ይላል። ስልክ የጸሎት ሰዓታችንን እንደሚበላ የማያምን አገልጋይ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም በዚህ ላይ ብዙ ሰብኬአለሁ። ያንን ስብከት ግን አልቀበለውም። ጾም ሰው ወድዶ የሚተወው ነገር ነው። ልጇ ካርቱም ቀርቶባት በሕይወት ይኑር አይኑር የማታውቅ እናት ከምንድን ነው ያረፈችው?

መተማን ለማታውቁ ነገሩን ከመነሻው ላስቀምጠው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሕዝቡ በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ይጎርፍ ጀመር። ሱዳናውያን፣ ለዓመታት እዚያ ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ቱርኮች ሳይቀሩ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ተሻገሩ። የተሻገረ ሰው ከውኃ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስልክ ነበር። «ደርሻለሁ» ለማለት። አራት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በዚያው ሰሞን ተቋረጠ። መመለስ የጀመረው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ያውም ቀስ በቀስና ከተማ እየመረጠ። በአንዳንድ ቦታና በአንዳንድ ሰሞን የድምፅ ጥሪም አብሮ ይጠፋ ነበር። በዚህ መሐል፣ በጥር 2016 ማብቂያ፣ ሱዳን ውስጥም የአብዛኛው አገር ኔትወርክ ጠፋ። እዚያ ሰው ገንዘብ የሚቀባበለው ባንካክ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ስለነበር ዳቦ መግዣውም አብሮ ጠፋ። ድንበሩ ወዲህም ወዲያም ጨለማ ሆነ።

ወቅቱንም ልብ በሉ። ሐምሌና ነሐሴ በቆላው የአረም ጊዜ ነው። ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ለሰሊጥና ለማሽላ አረም ወርደው በየእርሻ ካምፑ ተበትነዋል። ወባና ካላዛር ያለበት አገር ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከቤቱ ሲወጣ «ደመወዝ ስቀበል እደውላለሁ» ብሎ ወጥቶ፣ በዚያው ዝም ካለ፣ ደጋ ያለችው እናቱ ዝምታውን በምን ትተርጉመው? ኔትወርክ ነው? ወባ ነው? ጥይት ነው? በዚያው ክረምት መጨረሻ የሱዳን ስደተኞች በሰፈሩበት በኩመር ኮሌራ ገባ። ኮሌራ ደግሞ ሰዓት የሚቆጥር በሽታ ነው፤ ሐኪም መጥራትም መድኃኒት ማስመጣትም የሚቻለው መልእክት ሲደርስ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ይህን ሲሰሙ የሚያነጻጽሩት ከሀሪኬን ጋር ነው። ማርያ የተባለው ሀሪኬን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ፖርቶ ሪኮን ሲመታ፣ ከደሴቲቱ የሞባይል ማማዎች ከመቶ 95 የሚሆኑት ሥራ አቆሙ። ሰዎች ምልክት ፍለጋ አውራ ጎዳና ዳር መኪና አቁመው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ይዘው ታዩ። ንጽጽሩ ይገባኛል፤ የጭንቀቱ ዓይነት አንድ ነው። ሀሪኬን ግን ከመድረሱ ከቀናት በፊት በሳተላይት ይታያል፣ ስም ይወጣለታል፣ «ባትሪ ሙሉ፣ ቁጥር ጻፉ፣ ዘመድ የት እንደሚገኝ ተነጋገሩ» ይባላል። ካለፈም በኋላ ማማውን ለማቆም ሁሉም ይሯሯጣል። የእኛው ዓይነቱ አውሎ ነፋስ ማንቂያ የለውም፤ ማማው ቆሞ ነው ዝም የሚለው።

እንግዲህ ወደ ንባባችን። ዳዊት በሁለቱ በሮች መካከል ተቀምጧል። ጠባቂው በቅጥሩ ላይ ወጥቶ ሩቅ ያያል። ሰው እየሮጠ ይመጣል። ንጉሡ የጦርነቱን ውጤት የሚጠብቅ ይመስላችኋል፤ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ደኅና መሆኑን። ሠራዊት ያለው፣ መንግሥት ያለው ሰው ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን መተማ ኬላ ላይ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን እያየች ከቆመች እናት በምንም አይለይም። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጥበቃ አላቃለለውም። «ለምን አትጸልይም?» ያለው የለም።

ሁለት መልእክተኞች ደረሱ። ፊተኛው አኪማአስ ፈጣን ነው፤ በሌላ መንገድ ቆርጦ ቀደመ። ደርሶ ግን ዋናውን ነገር መናገር ፈራና ግርግር አይቻለሁ፣ ምን እንደሆነ አላወቅሁም ብሎ ሸሸ። ሁለተኛው ከኩሽ ምድር የሆነ ሰው ነው፤ ከእኛና ከሱዳን አካባቢ ማለት ነው፤ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዘግይቶ መጣ፤ እውነቱን ግን በጨዋነት፣ ሳይደብቅ ተናገረ። ዳዊት አለቀሰ። ማልቀስ የቻለው ግን እውነት ስለደረሰው ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ አኪማአሶች ይሞሉታል። በእነዚያ ወራት ከገንዳ ውኃ እስከ ኮኪት፣ ከኮኪት እስከ መተማ ዮሐንስ ስንት ሰው በወሬ ሞቶ በእግሩ ተመልሷል! አንዲት እኅታችን ለወንድሟ ድንኳን ተክላ ለቅሶ ከተቀመጠች በኋላ፣ በሳምንቱ እሱ ራሱ ከጭነት መኪና ወርዶ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሳቅንም አለቀስንም። የተገላቢጦሹ ይከፋል፤ እናቱ ደጋ ላይ ሞታ አርባ ቀኗ ካለፈ በኋላ የሰማ ወጣት አለ። በባህላችን መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተነግሮት፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ ነው የሚነገረው። እሱ ግን ሰሊጥ እየጫነ ሳለ፣ ያወቀ የመሰለው ሰው «ነፍስ ይማር» ሲለው ነው ያወቀው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለማሳዘን አይደለም። መልእክት ማድረስ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው ብዬ ስለማምን ነው። እንደ መዝሙርና እንደ ዲቁና። የጳውሎስን መልእክቶች ለትምህርታቸው ስናነብ የተሸከሟቸውን እግሮች እንረሳለን። የፊልጵስዩስ ሰዎች አፍሮዲጡ መታመሙን ሰሙ፤ አፍሮዲጡ ደግሞ መታመሙን መስማታቸውን ሰምቶ ተጨነቀ፤ ጳውሎስም እንዲያርፉ ብሎ ሰውየውን ራሱን ላከላቸው። ተሰሎንቄዎችን በተመለከተም የእነሱን ሁኔታ ሳያውቅ መቆየት ስላልቻለ ጢሞቴዎስን ልኮ እሱ ብቻውን አቴና ቀረ። ቲኪቆስም ወደ ኤፌሶንና ወደ ቆላስይስ የሄደው ደብዳቤ ሊያደርስ ብቻ አልነበረም፤ ጳውሎስ እንዴት እንዳለ በአፉ ሊነግራቸው ጭምር እንጂ። ምሳሌ 25፥25 ላይ ጠቢቡ ከሩቅ የመጣ መልካም ወሬን ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ያነጻጽረዋል። ሚያዝያ ላይ መተማን ያየ ሰው ይህ ጥቅስ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ? በየአጥቢያው አንድ ደብተር ይከፈት እላለሁ። ስልክ ቁጥር በቃላችን መያዝ ካቆምን ቆየን፤ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ባትሪው ሲሞት ሚስቱን የሚደውልበት ቁጥር የጠፋበት አባወራ ስንቱን ነው ያየነው! የእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር፣ ደጋ ያለ የቅርብ ዘመድ፣ የቀበሌው ስም በወረቀት ይጻፍ፤ ደብተሩ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ግን አይዘርጋ፤ በዚህ ዘመን የሰው ስምና አድራሻ ያለ ጥንቃቄ መዘርገፍ ሌላ አደጋ ነው። ሳሉጎቹ በሰንበት ሲመጡም ስማቸው ይመዝገብ፤ የእኛ አባል ሆኑም አልሆኑም፣ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ይሁኑ። የደጋዋ እናት ልጇን ማን እንደመዘገበላት አትመርጥም።

ሌላው፣ ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን ደጋግሞ ከመደወል አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሻላል፤ ጥሪ የማይዘልቅበት ቦታ ላይ መልእክቱ ቀዳዳ ሲያገኝ ይሄዳል። ቴሌብርም ኢንተርኔት ባይኖር በ*127# ይሠራል፤ የድምፅ ኔትወርኩ ከሄደ ግን እሱም የለምና ለድንገተኛ ነገር ጥቂት ጥሬ ብር ቤት ውስጥ ይኑር። ለጸሎት ቤቱ ትልቅ ስፒከር ለመግዛት መዋጮ የምናሰባስብ አጥቢያዎች፣ ከዚያ በፊት ስልክ መሙያ የሚሆን አንድ የፀሐይ ሶላር ብንገዛ አይከፋም። ቤተሰብም ከአሁኑ ይነጋገር፤ «ድምፄ ቢጠፋ በእንዲህ ያለ ሰው በኩል ጠይቁኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ለቅሶ አትቀመጡ» ተባብሎ መለያየት ብዙ እንቅልፍ ያተርፋል። የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ማገናኘት ሥራቸው የሆነ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም አሉ፤ ስልክ ያስደውላሉ፣ አጭር የቤተሰብ መልእክትም በወረቀት ያደርሳሉ። ብዙ ምእመን ይህን አያውቅም፤ ከመድረክ ይነገር።

መልእክተኛውስ ማን ይሁን? የሰሊጥ መኪና ሹፌሮች፣ የሚኒባስ ረዳቶች፣ ለሕክምና ወደ ጎንደር የሚመላለሱ ሰዎች በየጉባኤያችን አሉ። መንገዱ ግን ቀላል አይደለም። ከመተማ ጎንደር ባለው መስመር እገታ ስንቱን ቤት እንዳራቆተ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስልኩ ሲሠራ ደግሞ ለአንዳንዱ ቤተሰብ የሚደወለው የአጋቹ ድምፅ ነው። ስለዚህ ማንንም «ስለ ወንጌል ብለህ ሂድ» ብለን መግፋት የለብንም። በራሱ ጉዳይ የሚሄድ ሰው ሁለት መስመር ወረቀት ቢይዝልን ይበቃል። የያዘውን ደግሞ እንደ ኩሻዊው ያድርስ፤ ያየውን እንዳየው፣ የሰማውን እንደሰማው ለይቶ። የሞት ወሬ ከሆነ፣ የቀበረ ወይም አስከሬኑን ያየ ሰው ሳይገኝ ከአጥቢያው አይውጣ፤ ከተረጋገጠም በቴክስት አይላክ፤ ሁለት ሽማግሌ በማለዳ ይሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንዶች እንደማይወዱት አውቃለሁ። ኔትወርክ የሚዘጋው ለጸጥታ ነው ይባላል። እኔ የጦር አዋቂ አይደለሁም፤ ስለ ውጊያው የምፈርደው የለኝም። ነገር ግን ምሳሌ 31፥8 ስለ ዲዳው አፋችንን እንድንከፍት ያዘናል፤ ድምፁ በአዋጅ የተዘጋበት ሕዝብ ደግሞ ከዲዳ ምን ይለያል? ትግራይ ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆርጦ ሲቆይ፣ ከእኛ መድረኮች ስንቱ ነው ስለዚያ እናት የጸለየው? ተራው ወደ እኛ ሲደርስ ነው የገባን። ከባለሥልጣናት ጋር በሰላም ጉባኤ የምንቀመጥ አገልጋዮች፣ ለፎቶ ከመቆማችን በፊት ቢያንስ ይህችን እንጠይቅ፦ ኢንተርኔቱ ቢዘጋ እንኳ የድምፅ ጥሪና አጭር መልእክት፣ በተለይም ለሆስፒታልና ለስደተኛ ጣቢያ፣ ክፍት ይሁን። ታጥቆ በጫካ ያለውም ቢሆን መልእክተኛን፣ ሹፌርንና አምቡላንስን እንዳይነካ በሚሰማበት መንገድ ሁሉ ይነገረው።

መተማ መልእክት በእግር መሄዱን የምታውቅ ከተማ ናት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚህ ሲወድቁ ዜናው ወደ ሸዋ የሄደው በሰው እግር ነበር፤ አገሩም እስኪሰማ ብዙ ቀን ጠብቋል። እኛ ደግሞ ዝናብ መንገዱን ከመቁረጡና ሳሉጎቹ መውረድ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ መግዛት እንችላለን። የገንዳ ውኃና የኮኪት አገልጋዮች ከግንቦት በፊት ብንገናኝና ማን በየትኛው መስመር እንደሚሄድ ብንለይ መልካም ነው፤ መገናኛውን ቀን በስልክ አሳውቃለሁ፤ ስልኩ ከጠፋ በሰው እልካለሁ።