ፌስታሉን ለምን አልቆረጥኩትም?

ትናንት የለጠፍኩትን የሽመላ ፎቶ ያየ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ወፉ በጣም ያምራል፤ ግን ከእግሩ ስር ያለውን ፌስታል ቆርጠው ቢያወጡት ጥሩ ነበር» ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ነው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሆን ብዬ ነው የተውኩት።

ወፍ ፎቶ ማንሳት ሲባል አብዛኞቻችን ወደ ቢሾፍቱ ነው የምንሮጠው። እኔም እወደዋለሁ። ሆራ እዛው ከተማው ውስጥ ነው፤ ማኪያቶ እየጠጡ ዳክዬ ማንሳት ይቻላል። ይሄኛውን ፎቶ ያነሳሁት ግን አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ነው።

እኛ መካኒሳ አቦ አካባቢ የምንኖር ሰዎች አፍንጫችንን ይዘን የምንሻገረው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ወዴት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከወጨጫ በኩል ተነስቶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ አባ ሳሙኤል ይገባል። ትልቁ አቃቂም የሚገባው እዛው ነው። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ ለአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተገደበ። ከዚያ ወዲያ ውኃው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስለዚህ ያ ፌስታል የማንም ሳይሆን የእኛው ሰፈር ሊሆን ይችላል።

ቦታው የወፍ አገር ነው። በበጋ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ሽመላዎች አቃቂ ረግረግ ላይ ይከርማሉ። በማለዳ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። እዛው አጠገባቸው ደግሞ እምቦጭ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና ሽታ አለ።

ለዓመታት ይሄን ሁሉ እየቆረጥኩ ስለጥፍ ኖሬአለሁ። እናንተም «አገራችን እንዴት ታምራለች!» ትሉኝ ነበር። አንድም ሰው «ውኃው እንዴት ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። እንዴት ይጠይቅ? እኔው ነኝ የደበቅኩት።

«ቆሻሻ ማሳየት የአገር ገጽታ ማበላሸት ነው» የሚል አይጠፋም። ገባኝ፤ እንግዳ እንዲመጣልን እኔም እፈልጋለሁ። ግን በዚሁ ወንዝ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ገበያ ወጥቶ እኛው እንበላዋለን። ሽመላው ሲመረው ተነስቶ ይበራል፤ እኛስ?

ከተማው በ2017 ዓ.ም የወንዝ ብክለት መከላከያ ደንብ አውጥቷል። ጎሽ! ደንብ ግን ሌሊት ወንዝ ዳር ቆሞ አያድርም። ካሜራ ያለን ሰዎች ያየነውን እንዳለ ብናሳይ ትንሽ ያግዛል ባይ ነኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ። መጀመሪያ መካኒሳ ድልድዩ ላይ ቆመን ወንዙን እናነሳለን፤ ከዚያ ተከትለነው ወደ ሐይቁ። መምጣት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቦቲ ጫማ አትርሱ፤ ጭቃ አለ።